የማስታወቂያ ገንዘብ የት ይወድቃል?
ለደባርቅና ለዳባት ነጋዴዎች፥ የኢንተርኔት ማስታወቂያ የሚወጣበትን ቦታ ስለ መምረጥ

ማስታወቂያ ለንግድ ሥራ ያለው ጥቅም ለማንኛውም ነጋዴ የታወቀ ነው። ዕቃው ምንም ያህል መልካም፥ ዋጋውም ምንም ያህል ተመጣጣኝ ቢሆን፥ ገዢው ካላወቀው በመደርደሪያ ላይ አቧራ ሲለብስ ይኖራል። ነገር ግን ማስታወቂያ ያወጣ ነጋዴ ሁሉ ገዢ አገኘ ማለት አይደለም። በተለይም በዛሬው ጊዜ በኢንተርኔት የሚሠራጨው ሥዕላዊ ማስታወቂያ፥ የሚወጣበትን ቦታ ባለገንዘቡ ራሱ ካልወሰነለት በቀር፥ ከቶ ሊገዙ በማይችሉ ሰዎች ፊት እየዞረ ገንዘቡን ሁሉ ጨርሶ ይመለሳል። ይህም ውኃን በወንፊት እንደ መቅዳት ያለ ድካም ነው።

ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዳባት፥ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደግሞ ደባርቅ ይገኛል። የደባርቅ ከተማ የሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫና የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ በር ስለ ሆነች፥ በእርስዋና በአካባቢዋ የሚካሄደው ንግድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ገዢውን ከሩቅ አገር የሚጠብቅ ነው፤ ሎጅና ሆቴል፥ አስጎብኚ፥ መኪና አከራይ፥ ድንኳንና በቅሎ አከራይ በዚህ ይመደባሉ። ሁለተኛው ገዢውን ከቅርብ የሚያገኝ ነው፤ ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሻጭ፥ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፥ የእህልና የዱቄት ነጋዴ በዚህ ውስጥ ናቸው። ማስታወቂያው የት መውጣት እንደሚገባው የሚወስነው ይህ ልዩነት ነው። ሁለቱም ነጋዴዎች ግን ለአንድ ድርጅት አንድ ዓይነት ገንዘብ ከፍለው፥ ልዩነታቸውን ሳይገልጹ የሄዱ እንደ ሆነ፥ ድርጅቱ ሁለቱንም እንደ አንድ ቆጥሮ በአገኘው ቦታ ይለጥፋቸዋል።

ነገሩ ዛሬ ከምን ጊዜውም ይልቅ የሚያሳስብበት ምክንያት አለ። ፓርኩ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈረ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ዝርዝር ወጣ። የአካባቢው ነጋዴ ከዚህ በኋላ መልካም ዘመን ይመጣል ብሎ ተስፋ ባደረገበት ወቅት፥ በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ መንገዱን ዘጋ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ፤ በ2021 ውጊያው እስከ ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደረሰ። ከ2023 ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት የእንግዳው እግር ሳሳ። እንግዳ በበዛበት ጊዜ አንድ የባከነ ማስታወቂያ ብዙም አይታወቅም፤ እንግዳ በሳሳበት ጊዜ ግን እያንዳንዱ ብር ሥራውን መሥራት ይኖርበታል።

በዚህ ላይ የምንዛሬው ጉዳይ አለ። እንደ ጉግልና እንደ ሜታ ያሉት ድርጅቶች የሚጠይቁት ክፍያ በመጨረሻ የሚታሰበው በውጭ አገር ገንዘብ ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሬው ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ግን ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስለዚህ ቀድሞ ለ300 ዶላር ማስታወቂያ 17,000 ብር ያህል ያወጣ የነበረ ነጋዴ፥ ዛሬ ለዚያው ማስታወቂያ ከ30,000 ብር በላይ ማውጣት ግድ ይሆንበታል። በዚያው መጠን የብክነቱም ዋጋ ጨምሯል ማለት ነው።

ማስታወቂያው የሚሸጠው እንዴት ነው?

በቀድሞው ልማድ ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው የሚገዛውን ቦታ ያውቅ ነበር። በአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ሩብ ገጽ የገዛ እንደ ሆነ፥ በማግሥቱ ጋዜጣውን ገልጦ ማስታወቂያውን በዓይኑ ያያል፤ በሬዲዮ ያስነገረ እንደ ሆነም በጆሮው ይሰማል። በግድግዳ ላይ ያስለጠፈም በመንገዱ ሲያልፍ ይመለከተዋል።

የኢንተርኔቱ አሠራር ከዚህ የተለየ ነው። አንድ ሰው አንድን ድረ ገጽ በስልኩ በሚከፍትበት ቅጽበት፥ በገጹ ላይ ያለው ባዶ ቦታ በመኪና ለጨረታ ይቀርባል፤ ከፍ ያለ ዋጋ የሰጠው ማስታወቂያ ወዲያው ይለጠፋል። ጉግል ማስታወቂያ የሚያሠራጭባቸው ድረ ገጾች፥ አፖችና ቪዲዮዎች ከ2 ሚሊዮን እንደሚበልጡ ድርጅቱ ራሱ ይናገራል። ከፋዩ በሺህ ዕይታ ወይም በእያንዳንዱ ክሊክ ሒሳብ ይከፍላል። ቦታውን ለይቶ ካላዘዘ ግን ማስታወቂያው ከእነዚህ ሚሊዮን ቦታዎች በየትኛው እንደ ወጣ አያውቅም፤ በማግሥቱ የሚገልጠው ጋዜጣ የለውምና።

ገንዘቡ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች

የመጀመሪያው ቀዳዳ የአገርና የከተማ ምርጫ ነው። በጉግል ላይ አንድ ነጋዴ «ደባርቅ» ብሎ ሲያዝዝ፥ አስቀድሞ ተመርጦ የሚጠብቀው ትእዛዝ «በዚህ ቦታ ያሉ ወይም ለዚህ ቦታ ፍላጎት ያሳዩ ሰዎች» የሚል ነው። በዚህ ምክንያት በደባርቅ ሲሚንቶና ሚስማር የሚሸጥ ሰው ያወጣው ማስታወቂያ፥ በሎንዶን ተቀምጦ ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ ዝንጀሮ በሚያነብ ሰው ፊት ሊቀርብ ይችላል። ያ ሰው ለስሜን ፍላጎት እንዳለው እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ሚስማር አይገዛም። እንዲሁም የአንድ ስልክ ሥፍራ የሚገመተው አንዳንድ ጊዜ በኔትወርኩ አድራሻ ብቻ ስለ ሆነ፥ በዳባት ያለ ሰው በሌላ ከተማ እንዳለ ተደርጎ ሊቆጠር ይችላል።

ሁለተኛው ቀዳዳ የስልክ ጨዋታና መሰል አፖች ናቸው። በእነዚህ ላይ የሚወጣው ማስታወቂያ ዋጋው እጅግ ርካሽ ነው፤ የሚነኩት ክሊኮችም ብዙ ናቸው። ነገር ግን ከነኪዎቹ ብዙዎቹ በአባታቸው ስልክ የሚጫወቱ ሕፃናት ወይም ማስታወቂያውን ለመዝጋት ሲሉ ጣታቸው የሳተባቸው ሰዎች ናቸው። በሒሳብ መዝገቡ ላይ ግን ሁሉም «ፍላጎት ያሳየ ሰው» ተብሎ ይጻፋል።

ሦስተኛው ቀዳዳ ለማስታወቂያ መሰብሰቢያ ብቻ የተሠሩ ድረ ገጾች ናቸው። እነዚህ ገጾች ለአንባቢ የሚጠቅም ነገር የላቸውም፤ አንድን ትንሽ ጽሑፍ በብዙ ገጽ ከፋፍለው በየመካከሉ ማስታወቂያ ይሰገስጋሉ። የአሜሪካ የማስታወቂያ አውጪዎች ብሔራዊ ማኅበር በ2023 ባወጣው ጥናት መሠረት፥ በጥናቱ ከተመረመረው ዕይታ 21 በመቶው፥ ከወጪው ደግሞ 15 በመቶው በእንዲህ ያሉ ገጾች ላይ የዋለ ነበር። አንድ የማስታወቂያ ዘመቻም በአማካይ በ44,000 ድረ ገጾች ላይ ተሠራጭቶ ተገኝቷል። አንድ ሰው 44,000 ገዢዎች ቢኖሩት ይደሰታል፤ 44,000 ቦታዎችን ግን ሊቆጣጠር አይችልም።

አራተኛው ቀዳዳ ያልታየ ማስታወቂያ ነው። በንግዱ ዓለም በተለመደው መለኪያ አንድ ሥዕላዊ ማስታወቂያ «ሊታይ የሚችል ነበር» የሚባለው ቢያንስ ግማሹ ለአንድ ሴኮንድ ያህል በስክሪኑ ላይ የቆየ እንደ ሆነ ነው። መለኪያው ይህን ያህል ዝቅ ያለ ሆኖ ሳለ፥ ከገጹ ግርጌ ተለጥፈው አንባቢው ሳይደርስባቸው የሚቀሩ ማስታወቂያዎች ይህንኑ እንኳ አያሟሉም።

አምስተኛው የመጥፎ ጎረቤት ጉዳይ ነው። በ2017 መጀመሪያ ላይ የእንግሊዙ ታይምስ ጋዜጣ የታላላቅ ኩባንያዎች ማስታወቂያ በአክራሪዎች ቪዲዮ ላይ ሲወጣ እንደ ተገኘ ባተመ ጊዜ፥ ብዙ ኩባንያዎች ማስታወቂያቸውን ከዩቲዩብ ለጊዜው አንሥተዋል። ለስሜን ባለ ሎጅ ደግሞ ይህ አደጋ በደጁ ያለ ነው። «ወደ ስሜን ይምጡ» የሚል ማስታወቂያ ስለ አማራ ክልል ግጭት ከሚያወራ ዜና አጠገብ ቢወጣ፥ አንባቢው ማስታወቂያውን አይቶ ጉዞውን ከማሰብ ይልቅ ዜናውን አንብቦ ጉዞውን ይሰርዛል። ባለ ሎጁ በገዛ ገንዘቡ እንግዳውን አባረረ ማለት ነው።

ርካሽ የሚመስለው ውድ ስለ መሆኑ

ነገሩን በቁጥር መመልከት ይጠቅማል። ለምሳሌ ያህል አንድ የደባርቅ ባለ ሎጅ በወር 300 ዶላር መደበ፥ የሺህ ዕይታ ዋጋም 2 ዶላር ነው እንበል። በዚህ ሒሳብ 150,000 ዕይታ ያገኛል፤ ቁጥሩም በወረቀት ላይ ሲታይ ደስ የሚያሰኝ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 90,000 የሚሆነው በስልክ ጨዋታዎች ላይ ቢውል፥ 180 ዶላር ወይም ከ18,000 ብር በላይ ጠፋ ማለት ነው። ከቀረው 60,000 ዕይታ ውስጥ ግማሹ ወደ ስሜን እንግዳ ከማይመጣባቸው አገሮች ቢሆን፥ ሌላ 60 ዶላር ይጠፋል። በመጨረሻ በሚገባው ሰው ፊት የቀረበው ዕይታ 30,000 ብቻ ነው። ባለ ሎጁ በሺህ ዕይታ 2 ዶላር የከፈለ ቢመስለውም፥ በእውነቱ የከፈለው 10 ዶላር ነው።

ይኸው ሰው በሌላ ወር ማስታወቂያው የተራራ ጉዞ በሚወዱ ሰዎች በሚነበቡ በጥቂት የታወቁ ድረ ገጾች ላይ ብቻ እንዲወጣ ቢያዝዝ፥ የሺህ ዕይታ ዋጋ 5 ዶላር ሊጠየቅ ይችላል። ከቀድሞው ዋጋ ከእጥፍ በላይ ስለ ሆነ ውድ መስሎ ይታያል። ነገር ግን በዚያው 300 ዶላር የሚያገኘው 60,000 ዕይታ በሚገባው ሰው ፊት የሚቀርብ ስለ ሆነ፥ ጥቅሙ ከፊተኛው ሁለት እጥፍ ነው። ጥሬ ዕቃ ሲገዛ ድንጋይ የተቀላቀለበትን እህል በርካሽ የማይወስድ ነጋዴ፥ ማስታወቂያ ሲገዛም በዚያው ጥንቃቄ ቢመለከት ይጠቀማል።

ታላላቆቹ ኩባንያዎች ያዩት

ይህ ጉዳይ የትንሽ ከተማ ነጋዴ ብቻ ችግር አይደለም። የአሜሪካው ጄፒ ሞርጋን ቼስ ባንክ በ2017 ማስታወቂያው በወር በ400,000 ያህል ድረ ገጾች ላይ ይወጣ እንደ ነበር ተገነዘበ። ምርመራ ሲደረግ ከእነዚህ ውስጥ ከዕይታ ያለፈ ውጤት የሰጡት 12,000 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። እነዚህም አንድ በአንድ በሰው ዓይን ተመርምረው 7,000 ያህሉ ተጣሉ፤ 5,000 ያህል ቀሩ። ባንኩ ማስታወቂያውን ከ400,000 ወደ 5,000 ቦታዎች ቢያወርደውም በውጤቱ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላየ በጊዜው ገልጿል።

ኤሪያል ሳሙናን የሚያመርተው ፕሮክተር ኤንድ ጋምብልም በዚያው ዓመት በሦስት ወር ውስጥ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከኢንተርኔት ማስታወቂያው ቀንሶ፥ በሽያጩ ላይ የደረሰ ጉዳት እንዳላየ አስታውቋል። እነዚህ ኩባንያዎች የተማሩት ባለሙያዎች በቢሮአቸው የሞሉላቸው ናቸው። እነርሱ የሚከፍሉበትን ቦታ ሳያውቁ ከኖሩ፥ ማስታወቂያውን በስልኩ ላይ አንድ ቁልፍ ነክቶ የሚያስተላልፍ ነጋዴ ባያውቅ አያስገርምም። ልዩነቱ ኩባንያዎቹ መቶ ሚሊዮን አጥተው መቆማቸው፥ ትንሹ ነጋዴ ግን ሠላሳ ሺህ ብር ባጣ ጊዜ የወሩ የሠራተኛ ደመወዝ መጉደሉ ነው።

ለአካባቢው ነጋዴ የሚበጀው

በመጀመሪያ ደረጃ ማስታወቂያ ከማዘዝ በፊት ገዢው ማን እንደ ሆነና የት እንደሚኖር በወረቀት መጻፍ ይገባል። በዳባት የቢራ ገብስ የሚሰበስብ ነጋዴ ገዢዎቹ ጥቂት ናቸው፤ በጎንደር፥ በአሰላና በደብረ ብርሃን ያሉት የብቅል ፋብሪካዎችና አቅራቢዎቻቸው ናቸው። እነዚህን በስልክና በደብዳቤ፥ ከናሙና ጋር በአካል መቅረብ ይቻላል፤ ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ነጋዴ ከሁሉ የተሻለው ሥዕላዊ ማስታወቂያ ምንም አለማውጣት ነው። በደባርቅ ቆርቆሮ የሚሸጠውም ቢሆን የቴሌግራም ቻናልና በገበያ ቀን በሱቁ ደጃፍ የሚሰቀል የዋጋ ሰሌዳ ይበልጥ ይጠቅመዋል። የግድ በኢንተርኔት ማስታወቅ የፈለገ እንደ ሆነ፥ «በዚህ ቦታ ያሉ ሰዎች ብቻ» የሚለውን ትእዛዝ መምረጥ አለበት።

ከሩቅ አገር እንግዳ የሚጠብቀው ሰው ደግሞ ካለፉት ዓመታት የእንግዳ መዝገቡን ገልጦ፥ እንግዶቹ ከየትኞቹ አገሮች እንደ መጡና በየትኛው ወር እንደ በዙ መቁጠር ይኖርበታል። የስሜን ደረቅ ወራት ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያሉት ስለ ሆኑ፥ እንግዳው ጉዞውን የሚያስበው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ማስታወቂያውም በእነዚያ አገሮች በሚኖሩ ሰዎች ፊት፥ በዚያ ወቅት ብቻ እንዲወጣ ማዘዝ ወጪውን ይቆጥባል።

በሁለተኛ ደረጃ ክፍት የሆኑትን በሮች አንድ በአንድ መዝጋት ይገባል። በጉግል ላይ አፖችን በሙሉ ከዝርዝሩ ማውጣት፥ የማይፈለጉ ድረ ገጾችንም በክልከላ ዝርዝር ውስጥ ማስገባት ይቻላል። በሜታ በኩል ከፌስቡክና ከኢንስታግራም ውጭ በሌሎች አፖች ላይ የሚያሠራጨው «ኦዲየንስ ኔትወርክ» የሚባለው አገልግሎት አለ፤ ድርጅቱ ቦታውን ራሱ እንዲመርጥ ከተተወ ይህንንም ይጨምራል፤ ቦታውን በእጅ የመረጠ ሰው ግን ሊያስቀረው ይችላል። አንድ ሰው ያንኑ ማስታወቂያ በቀን ስንት ጊዜ ማየት እንዳለበትም መወሰን አይዘነጋም፤ አንዱን ሰው ሃያ ጊዜ ማሳየት ሃያ ገዢ አያመጣም።

በሦስተኛ ደረጃ በየሳምንቱ ማስታወቂያው የወጣባቸውን ቦታዎች ዝርዝር መመልከት ነው። ጉግል ይህን ዝርዝር ለባለገንዘቡ ይሰጣል። ብዙ ገንዘብ ከወሰዱት ሃያ ቦታዎች ጀምሮ እያንዳንዱን ከፍቶ ማየት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ጸሐፊው ወይም ልጁ ሊሠራው ይችላል። ማስታወቂያውን በደላላ ወይም በማስታወቂያ ድርጅት በኩል የሚያሠራ ነጋዴም ይህ ዝርዝር በየወሩ እንዲሰጠው ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት በውሉ ላይ ያጽፍ። ዝርዝሩን ለመስጠት የሚያንገራግር ድርጅት ያጋጠመው እንደ ሆነ፥ ገንዘቡን በኪሱ ይዞ ወደ ሌላ ቢሄድ ይሻለዋል።

ክልከላውም ልክ አለው

በዚህ መካከል መጠንቀቅ የሚያሻው ሌላ ነገር አለ። አንዳንድ ሰዎች ከመጥፎ ጎረቤት ለመሸሽ ሲሉ «ጦርነት»፥ «ኢትዮጵያ»፥ «አማራ» የሚሉ ቃሎች ካሉበት ገጽ ሁሉ ማስታወቂያቸውን ይከለክላሉ። በ2020 ብዙ የውጭ አገር ኩባንያዎች «ኮሮና» የሚል ቃል ባለበት ገጽ ሁሉ ላይ እንዲህ አድርገው፥ ሰው ሁሉ በሚያነባቸው የታመኑ ጋዜጦች ላይ የነበራቸውን ቦታ ራሳቸው አጥተዋል፤ ጋዜጦቹም ገቢያቸው ተጎድቷል። ለስሜን ነጋዴ የሚያስፈልገው እንግዳ ስለ ኢትዮጵያ የሚያነብ ሰው ስለ ሆነ፥ «ኢትዮጵያ» የሚለውን ቃል መከልከል በሩን በገዛ እጅ መቀርቀር ነው። በተጨማሪም ይህን የማጣራት ሥራ የሚሠሩት መኪናዎች ይበልጥ የሚበረቱት በእንግሊዝኛና በሌሎች ታላላቅ ቋንቋዎች ስለ ሆነ፥ የአማርኛን ገጽ መልካምነት ለመፍረድ የሰው ዓይን ያስፈልጋል።

ስለዚህ በጥቂት ገንዘብ ለሚሠራ ሰው የሚሻለው፥ መጥፎዎቹን ሲያሳድድ ከመዋል ይልቅ መልካሞቹን ሠላሳ ወይም ሃምሳ ቦታዎች ራሱ መርጦ በእነርሱ ላይ ብቻ እንዲወጣ ማዘዝ ነው። ስለ ተራራ ጉዞ፥ ስለ ዱር እንስሳትና ስለ አፍሪቃ ጉብኝት የሚጽፉ ገጾች፥ እንዲሁም በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የሚያነቧቸው ገጾች በዚህ ዝርዝር ሊገቡ ይችላሉ።

የጸጥታና የኢንተርኔት ሁኔታም በዚህ ሒሳብ ውስጥ መግባት አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለረጅም ወራት ቆይቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ለአካባቢው ሰው ታስቦ የታዘዘ ማስታወቂያ፥ በአካባቢው የሚያየው ሰው ሳይኖር ገንዘቡን በሌላ ቦታ ሊያፈስ ይችላል፤ በደባርቅ ያለው ነጋዴም ኢንተርኔት ስለሌለው ትእዛዙን ማቆም አይችልም። ስለዚህ ትእዛዙ ሁልጊዜ የወጪ ጣሪያና የማብቂያ ቀን ይኑረው፤ በሌላ ከተማ ያለ የታመነ ሰውም ሊያቆመው የሚችልበት ፈቃድ ይሰጠው።

በመጨረሻም የማስታወቂያ ጥቅም የሚለካው በክሊክ ብዛት አይደለም። በሎጁ መዝገብ ላይ ከእንግዳው ስምና አገር አጠገብ «ከየት ሰሙ?» የሚል አንድ ዐምድ መጨመር ምንም ወጪ የለውም። በወሩ መጨረሻ ይህ ዐምድ ከማስታወቂያው ደረሰኝ ጎን ሲቀመጥ፥ ስንት ዶላር ስንት እንግዳ እንዳመጣ ይታወቃል። አሥር ሺህ ክሊክ አግኝቶ አንድም እንግዳ ያላመጣ ቦታ በሚቀጥለው ወር ይዘጋ፤ ሃምሳ ክሊክ አግኝቶ ሦስት እንግዳ ያመጣ ቦታ ድርሻው ይጨመርለት።